የአብዱልጀባር ድምፅና የታክሲው መስኮት

ስለ አብዱልጀባር ከማውራቴ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ እኔ መስኮት አስዘጊ ነኝ። ከየካ አባዶ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሆናችሁ «ኧረ መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ ጨረሰን!» የሚል ጎርናና ድምፅ ከጋቢና ከሰማችሁ፣ ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ነፋሱ ከየትኛው ተራራ ተነሥቶ፣ በየትኛው ሸለቆ ዞሮ፣ እንዴት አድርጎ አንገቴ ሥር እንደሚገባ ለተሳፋሪው ሁሉ የማስረዳት ግዴታ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር።

አብዱልጀባር የሚኒባሱ ሾፌር ነው። ከወሎ የመጣው ጢሙ ገና ሳያቀመቅም ሲሆን፣ ዘንድሮ ሃምሳ አራት ዓመት ሞላው። በጭነት መኪና ረዳትነት ጀመረ፣ ቀጥሎ ራሱ የጭነት ሾፌር ሆነ፣ ወገቡ እንቢ ሲለው ወደ ሚኒባስ ወረደ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት አባዶ ሲገባ እኛ ብሎክ ደረሰው። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ፣ እሱ አራተኛ። አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከጎኑ ጋቢና ተቀምጬ ሄጃለሁ፤ ከባለቤቴ ቀጥሎ ጎኑን የማውቀው ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ይሄ ሰው ሁለት ሀብት አለው፤ ትዕግሥትና ድምፅ። ሲኤምሲ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ ሌላው ሾፌር ጥሩምባውን ይነፋል፣ መስኮት ዝቅ አድርጎ ይሳደባል። አብዱልጀባር መሪውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ መንዙማ ያንጎራጉራል። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ድምፅ ነው። ረዳቱ ቂርቆስ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ ከኔ እኩል የሸበተ ሰው፣ ሳይታወቀው አዝማቹን ይቀበለዋል። ሥራ የረፈደባቸው ሰዎች እንኳ ያን ጊዜ ሰዓታቸውን ማየት ይተዋሉ።

ጣጣው ያለው ከመስቀል በኋላ ነው። ጥቅምት ገብቶ ብርዱ መቆንጠጥ ሲጀምር አብዱልጀባርን በየዓመቱ ጉንፋን ይይዘዋል። የሱ ጉንፋን ደግሞ እንደ ሰው ጉንፋን አፍንጫ ላይ አይቆምም፤ ቀጥታ ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ ይሰፍራል። ሁለት ሳምንት ዝም ይላል። ቂርቆስ «ሬዲዮናችን ባትሪ ጨረሰ» ይላል፤ እኛም እንስቃለን።

ከሦስት ዓመት በፊት ግን የሚያስቅ አልነበረም። የመጀመሪያ ልጁ የሐሚዳ ኒካህ በኅዳር ወር ነበር። በነሱ ሥርዓት ልጅቱን የሚሰጠው አባት ነው፤ ከሙሽራው ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ እጁን ይይዛል፣ «ልጄን ድሬሃለሁ» ይላል። ሙሽራውም «ተቀብያለሁ» ይላል። ያን ቀን አብዱልጀባር አፉን ሲከፍት ከጉሮሮው የወጣው የበር ማጠፊያ የሚመስል ሲጥታ ብቻ ነበር። ሁለቴ ሞከረ። ሦስተኛው ላይ ሼኹ አዘኑለትና ታናሽ ወንድሙ ተወክሎ ተናገረ። አባት አጠገቡ ተቀምጦ ራሱን ነቀነቀ።

«ልጄን እኮ በምልክት ነው የዳርኳት፣ መምህር» ይለኛል ያን ቀን ባስታወሰ ቁጥር። «እንደ ከብት ሻጭ ራሴን ነቅንቄ!»

ሐሚዳ ታጽናናዋለች። «ምንም አይደል አባ፤ ዋናው ኒካሁ መታሰሩ ነው» ትላለች። ይህን ስትል አሥር ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ሁልጊዜም እየሳቀች ነው። የፋርማሲ ባለሙያ ናት፤ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፣ ከባሏ ከሐሩንና ከሕፃን ልጃቸው ጋር ገርጂ ነው የምትኖረው።

ዘንድሮ የሁለተኛዋና የመጨረሻዋ ልጅ ተራ ደረሰ። የሪሀና ኒካህ ለኅዳር የመጨረሻ እሑድ ተቆረጠ። አብዱልጀባር ይህን የነገረኝ በመስከረም፣ መገናኛ እንደደረስን ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ ወደኔ ዞሮ፣ «መምህር፣ ከዚህ በኋላ ሌላ ሴት ልጅ የለኝም። ዘንድሮ ድምፄ ከጠፋ ጠፋ ነው» አለኝ። ዓይኑን ሳየው አንጀቴን በላው።

ታክሲ ውስጥ ምሥጢር አይቆይም። በሳምንቱ ተሳፋሪው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ነጭ ሽንኩርት በማር ዘፍዝፋ በብልቃጥ አመጣች። አንዱ ፌጦ በሎሚ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ ማለ። ጥቁር አዝሙዱንስ ራሱም ከልጅነቱ ያውቀዋል። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ቦሌ ቢሮ የምትሠራ ወጣት ግን ይህን ሁሉ ሰምታ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ነገር አወጣችና፣ «ጋሼ፣ እሱ ሁሉ ኦልድ ነው። ሳፕልመንት ጀምሩ። ኢሚውኒቲዎን ቡስት ማድረግ አለብዎት» አለችው። በማግሥቱ ውኃ ውስጥ ፍሽ እያለ የሚሟሟ ብርቱካንማ ኪኒን በቱቦ ሰጠችው።

ኢሚውኒቲ ማለት የሰውነት በሽታ መከላከያ ነው ስትለው አብዱልጀባር ቃሏን ወደዳት። «ኢሚውኒቲዬን እየገነባሁ ነው» ማለት ጀመረ፤ ኮንዶሚኒየም የሚሠራ ነበር የሚመስለው። «የት ደረሰ?» ስንለው «መሠረቱ ወጥቷል፣ ጣሪያ ብቻ ነው የቀረው» ይላል። እህቱ ራህማ ወሬው ጅዳ ድረስ ደርሷት ኖሮ፣ በዓረብኛ የተጻፈበት ትልቅ ብልቃጥ በሰው ላከችለት። እሱ ራሱ ደግሞ ቦሌ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ሌላ ሁለት ብልቃጥ ገዛ። መድኃኒቱ ሁሉ በአንድ ፌስታል ተቋጥሮ ዳሽቦርዱ ላይ ተቀመጠ፤ ስንታጠፍ ይንኳኳል። እኔም በበኩሌ አስተዋጽኦ አደረግሁ። «አንተ ኪኒንህን ዋጥ፤ መስኮቱን ለኔ ተወው» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአባዶ መገናኛ ነፋስ የምትባል ነገር እንዳትገባ ጠበቅሁለት።

ጉድ የፈላው በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ነው። ሲኤምሲን ስናልፍ መንዙማው መሐል ላይ ቆመ። ዘወር ብዬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «አብዱልጀባር፣ ምን ሆንክ?» አልኩት። ሳሊተ ምሕረት ስንደርስ መኪናውን ዳር አስያዘና፣ ቁልፉን እንኳ ሳይነቅል፣ ሆዱን ይዞ ሮጠ። የሮጠው ደግሞ ልጁ ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት ነው።

ቂርቆስ በሩን ከፍቶ ወደ ተሳፋሪው ዞረ። «ወገኖቼ፣ ሾፌራችን ለአስቸኳይ ስብሰባ ገብቷል። በትዕግሥት ጠብቁ» አለ።

እኔ መድኃኒቱ ያስፈልገው ይሆናል ብዬ ፌስታሉን አንጠልጥዬ ተከተልኩት። ሐሚዳ ነጭ ጋዋን ለብሳ ባንኮኒው ጀርባ ቆማለች። አባቷ በአጠገቧ አልፎ ወደ ጓዳው ሽንት ቤት ሲበር ማየቷ ነው፤ ዓይኗ ፈጧል። ፌስታሉን ተቀበለችኝና ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አነሣች።

«ይሄ ዚንክ ነው» አለች። «ይሄም ዚንክ ነው። አክስቴ የላከችውም ዚንክና ቫይታሚን ሲ ነው። ይሄ የሚሟሟው ቫይታሚን ሲ። መምህር፣ ከነዚህ የትኛውን ነው የሚወስደው?»

«ከሁሉም ነዋ!» አልኩ፣ የኔ ጀግንነት ይመስል። «ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ምግብ ሳይቀምስ። ብርድ ሲሆን ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት።»

ሐሚዳ ከንፈሯን ነከሰች። ሳቋን መያዟ ነው ወይስ ንዴቷን፣ አልለየሁም። አባትዬው ግድግዳውን ተደግፎ ሲወጣ ውኃ ሰጥታ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«አባ፣ ዚንክ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። ቫይታሚን ሲ ሲበዛ ሆድ ይፈታል። አንተ ስማቸው ስለተለያየ ሌላ ሌላ መስሎህ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ትወስዳለህ።»

«ኢሚውኒቲ ነው ብለውኝ እኮ ነው» አለ በደከመ ድምፅ።

«የጎደለው ሰው ሐኪም አዞለት ይወስዳል። አንተ ምስሩንም ጎመኑንም ብርቱካኑንም የምትበላ ሰው ነህ፤ ሰውነትህ የሚፈልገውን ይወስድና ትርፉን አሁን እንዳየኸው ትሸኘዋለህ። ማርና ዝንጅብሉን ጠጣ፣ ጉሮሮ ያለዝባል። ጉንፋንን በር ላይ የሚያስቆም ኪኒን ግን እዚህ መደርደሪያ ላይ የለኝም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አንድ ወር ነው የቀረኝ!»

ሐሚዳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «በቀን ስንት ሰው ትጭናለህ?»

«መቶ ሃምሳም፣ ሁለት መቶም።»

«ኅዳር ላይ ከነሱ ስንቱ ያስላል?»

«ኅዳር ላይማ ሁሉም ነው!»

«መስኮቱስ?»

አብዱልጀባር ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ። እኔ መደርደሪያው ላይ የተደረደረውን የሕፃናት ሻምፑ በጥንቃቄ ማንበብ ጀመርኩ።

«ጉንፋን የሚይዝህ ከሰው ትንፋሽ ነው፣ አባ። አሥራ ሁለት ሰው አንድ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ሲያስልብህ ነው። መስኮት ክፈት። እጅህን በሳሙና ታጠብ። በጊዜ ተኛ። እሱን ነው የማዝልህ።»

እኔ በሙያዬ ተናገርኩ። ከእንጦጦ ስለሚወርደው ነፋስ፣ ስለ ከፍታችን፣ ስለ ጥቅምት ውርጭ አስረዳኋት። በአክብሮት ካዳመጠችኝ በኋላ፣ «መምህር፣ እርስዎ ክፍል ውስጥ መስኮት ይከፈታል?» አለችኝ። አይከፈትም አልኩ። «ተማሪዎችዎስ ያስላሉ?» ስትለኝ ሥራ እንደረፈደብኝ ትዝ አለኝ።

በማግሥቱ አብዱልጀባር መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ መጣ። አቤት የዚያን ቀን ጩኸት! «ልጄን ብርድ ልታስመታብኝ ነው?» አለች አንዲት እናት። «ሰውዬ፣ ማቀዝቀዣ አደረግኸው እንዴ?» አለ ሌላው። ከሁሉም ቀድሞ የጎኑን መስኮት የዘጋው ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። አብዱልጀባር ጠብ የማይወድ ሰው ስለሆነ መሪውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ነዳ። መገናኛ ስንደርስ መኪናው እንደ ድሮው ታሽጎ ነበር። ሁለት ቀን እንዲሁ ሄድን። ከኋላው የተቀመጠ አንድ ሰው ማጅራቱ ላይ ሲያስልበት አብዱልጀባር የጃኬቱን ኮሌታ ከፍ አድርጎ ትከሻውን ሲሰበስብ አየሁት፤ ያኔ ራሴን ታዘብኩት። ግን መስኮቴን አልከፈትኩም።

በሦስተኛው ቀን አባዶ መነሻው ላይ፣ መኪናው ሞልቶ፣ ቂርቆስ በሩን ሊዘጋ ሲል አብዱልጀባር ሞተሩን አጠፋ። ወንበሩ ላይ ተንበርክኮ ወደ ኋላ ዞረ። በአራት ዓመት ውስጥ ከ«ወራጅ አለ?» በቀር ለተሳፋሪ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ወገኖች፣ ትንሽ ስሙኝ» አለ። ጆሮው ቀልቷል። «በኅዳር መጨረሻ ልጄን እድራለሁ። የመጨረሻዬ ናት። የፊተኛዋን ስድር ጉንፋን ድምፄን ወስዶት ሰው ነው የተናገረልኝ። እሷ ምንም አይደል ትለኛለች፤ እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ኪኒኑን ሞከርኩት፣ እናንተም አይታችሁታል፤ አሳፍሮኛል። አሁን የቀረኝ መስኮቱ ብቻ ነው። እባካችሁ አንድ ወር ብቻ ታገሡኝ።»

ከመሐለኛው ወንበር እማማ ደሪቱ ተንቀሳቀሱ። እማማ ደሪቱ በየጠዋቱ ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም አብረውን የሚሄዱ፣ አባዶ ሜዳ ሳለ እዚሁ ያርሱ ከነበሩ ቤተሰቦች የተወለዱ አሮጊት ናቸው።

«ኢጆሌ!» አሉ፣ ሁላችንም ልጆቻቸው የሆንን ያህል። «ይሄ ሕንፃ የቆመበት የአባቴ ማሳ ነበር። ኅዳር ላይ ጎሕ ሳይቀድ ስንዴ ስናጭድ ምን የሚዘጋ መስኮት ነበረን? ብርድ የሚገድል ቢሆን ማን ተርፎ ይከራከራችሁ ነበር?» ካሉ በኋላ በቀጭን እጃቸው የጎናቸውን መስኮት ገፉት። ግጥም ብሎ ስለኖረ አልከፈት አለ፤ ቂርቆስ አገዛቸው። ከዚያ የኋላው ተከፈተ። ከዚያ የኔ ብቻ ቀረ፤ ሁሉም ሰው አየኝ፤ ከፈትኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ሚኒባስ ሌላ መልክ ያዘ። ሰዉ ጋቢውን፣ ፎጣውን፣ ያለችውን ሻርፕ ሁሉ ደራርቦ ይመጣል። ቦሌ ቢሮ የምትሠራዋ ልጅ የአባቷን ቡሉኮ ተከናንባ ስትገባ ባላያት ኖሮ ባላመንኩ ነበር። ቂርቆስ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «መገናኛ! መገናኛ! ጋቢ የያዘ ቅድሚያ አለው!» እያለ ይጣራል። የማያውቁን ሰዎች ወደ ለቅሶ የምንሄድ ይመስላቸው ነበር፤ ውስጡ ግን እንደዚያ ሰሞን ሳቅ የነበረበት ጊዜ የለም። አብዱልጀባር መንዙማውን ቀጠለ። ኅዳር ገባ፤ ሌሎች ሾፌሮች ተራ በተራ መነፋነፍ ጀመሩ፤ የሱ ድምፅ ግን አለ።

ኒካሁ አሥር ቀን ሲቀረው ጠዋት ስነቃ ጉሮሮዬ ውስጥ አሸዋ አለ። እኔ! ከሰው ሁሉ እኔ! ክፍሌ ውስጥ ስልሳ ተማሪ፣ ሁሉም መስኮት ዝግ፤ ሐሚዳ የጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ ይሄ ነበር። ወደ መነሻው ወረድኩ። አብዱልጀባር እንደ ሁልጊዜው ጋቢናውን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ ቆምኩና እጄን አወዛወዝኩ፤ ሂድ ማለቴ ነው። እሱ የተቀየምኩት መስሎት ሊወርድ ሲል ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ የለም። ጉሮሮዬን በጣቴ አሳየሁት፣ ሁለት እጄን ወደፊት ገፍቼ እንዳትጠጋኝ አልኩት። ገባው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ አለልኝና መኪናውን አስነሣ። ስምንት ቀን በሌላ ታክሲ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ የተከፈተ መስኮት ሥር ተቀምጬ ሄድኩ። አልዋሽም፤ በርዶኝ ነበር። ግን በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን በራሴ የረካሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

እሑድ ደረሰ። ከብሎካችን ሥር ድንኳን ተጣለ። እኔ ድኛለሁ፤ ቢሆንም ልቤ ስላላመነ መውጫው አጠገብ ተቀመጥኩ። ግማሹ እንግዳ የታክሲው ተሳፋሪ ነው። እማማ ደሪቱ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጠዋል። አብዱልጀባር አዲስ ጀለቢያ ለብሶ ከሙሽራው ከኢክሪማ ፊት ተቀመጠ። ሼኽ ጣሃ የሁለቱን እጅ አያያዙና «በል እንግዲህ» አሉት።

አብዱልጀባር «እህ» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ድንኳን ሙሉ ተሳፋሪ ትንፋሹን ዋጠ። ቂርቆስ ማተቡን ጨብጦ ነበር።

«ልጄን ሪሀናን» አለ አብዱልጀባር፣ በዚያ ሲኤምሲ ላይ በምናውቀው ድምፅ፣ «በአላህ መጽሐፍና በነብዩ ሱና፣ በተስማማንበት የመህር ጥሎሽ ድሬሃለሁ!» ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት ሴቶች ብቻ ሳይሆኑ አራተኛ ፎቅ ያለ ሰውም ሰምቶታል። ኢክሪማ «ተቀብያለሁ» አለ፣ ድምፁ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ። እልልታው ቀለጠ። ቂርቆስ አቀፈኝ፤ እኔም አቀፍኩት።

እልልታው ሲበርድ መጋረጃው ገለጥ አለ። ሐሚዳ ናት። ልጇን ታቅፋ ቆማለች። እንደ ልማዷ የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀችም።

«አባ» አለች። «ያቺን ቃል ለኔም በላት።»

አብዱልጀባር ወደ ሼኹ ዞረ። ሼኽ ጣሃ ጢማቸውን ዳሰሱ። «የሷ ኒካህ ከጸና ሦስት ዓመቱ ነው። የሚጎድለው ነገር የለም» አሉ። ከዚያ ልጅቱን አዩ፣ አባትዬውን አዩ። «ግን አባት ልጄን ዳርኩ ቢል ማን ይከለክለዋል? በላት።»

ኢክሪማ ቦታውን ለቀቀ። ሐሩን ሕፃኑን ከሚስቱ ተቀብሎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ አማቹ ፊት ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ተቀመጠ። አብዱልጀባር እጁን ያዘው።

«ልጄን ሐሚዳን ድሬሃለሁ» አለ። ቃሉ አንድም ቦታ አልተሰበረም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አይደል ስትል የኖረችው ልጅ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች። ሐሩን ሕፃኑን ጭኑ ላይ አመቻችቶ ቀና አለ።

«ተቀብያለሁ» አለ፣ ከሙሽራው ይልቅ ጮክ ብሎ።